ጉዳትና ዕረፍት በሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት

ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ስለ መሮጡ፣ ቶኪዮ ላይም ድሉን ስለ መድገሙ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ይኖራል ማለት ያስቸግራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከድሎቹ ይልቅ እምብዛም ያልተተኮረበትን የሕይወቱን ገጽ ነው። ይኸውም አካሉ በታመመና በተጎዳ ጊዜ ልምምዱን ለመቀጠል ወይም ለማቋረጥ የገጠመው ፈተና፣ የተሰጠው ውሳኔና ከውሳኔው የተገኘው ውጤት ነው።

ርእሱ ለማኅበራችን መጽሔት እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን አንድ አካል ምን ያህል ሸክም ይችላል፣ ድካም መቼ ወደ ስብራት ይለወጣል፣ ሥራስ መቼ መቆም አለበት የሚሉት ጥያቄዎች በሙያችን ውስጥ በየዕለቱ የሚነሡ ናቸው። ከዚህም በላይ የአበበ ቢቂላ ስም በየሜዳው በስህተት ሲጠራ ይሰማል። ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን ያመመው ወጣት ሯጭ ለማረፍ ሲያስብ፣ አበበ ከቀዶ ሕክምና በተነሣ በአምስት ሳምንት ሮጦ ወርቅ አምጥቷል እየተባለ ይገፋፋል። ይህ አባባል እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። ሌላውን ግማሽ ማወቅ ለወጣቱ እግር ብቻ ሳይሆን ለአበበም ክብር ተገቢ ነው።

ከጃቶ እስከ ሮም

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመንዲዳ አካባቢ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። እሱ በተወለደበት ዕለት በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። አጋጣሚው ትርጉም ባይኖረውም የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሁሉ ሳያነሡት አያልፉም።

በልጅነቱ እንደ ማንኛውም የባላገር ልጅ በሜዳና በተራራ ሲሮጥ፣ የገና ጨዋታ ሲጫወት አደገ። በሃያዎቹ ዕድሜው መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ሠራዊት ውስጥ በወታደርነት ተቀጠረ። በዚያ ጊዜ ኦኒ ኒስካነን የሚባሉ ስዊድናዊ የአካል ማጎልመሻ መምህር ወታደሮቹን ያሠለጥኑ ነበርና የወጣቱን ተሰጥኦ ተመለከቱ። ኒስካነን እስከ መጨረሻው ድረስ አሠልጣኙ ብቻ ሳይሆኑ እንደ ታላቅ ወንድም የሚቆጠሩ መካሪው ነበሩ።

የአበበ ጽናት በአንድ ቀን የተገኘ አልነበረም። ከሱሉልታ ኮረብታዎች ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ሱሉልታ መሮጥ የዕለት ልማዱ እንደ ነበር ይነገራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ለዓመታት የተካሄደው ይህ ሩጫ ልቡንና ሳንባውን አጎልብቶ፣ አጥንቱንና ጅማቱንም ቀስ በቀስ አጠንክሮ ነበር። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ እንደሚሄድ አባቶች የተናገሩት ለዚህ ዓይነቱ ዕድገት ይስማማል።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው በሮም ነው። ለውድድሩ በዚያው በሮም የተገዛው አዲስ ጫማ ከእግሩ ጋር አልተስማማም፤ እግሩንም አቁስሎ ውኃ አስቋጠረው። ይህ ከትልቅ ጉዳት የሚቆጠር አይደለም። ሆኖም ቁስሉን ችሎ በጫማው መሮጥ ቢመርጥ ኖሮ እያንዳንዱ እርምጃ ቁስሉን ባሰፋው፣ ሯጩም ሕመሙን ለመሸሽ አረጋገጡን በለወጠ፣ አረጋገጥ ሲለወጥ ደግሞ ጭነቱ ባልለመዱት ጡንቻዎችና ጅማቶች ላይ ባረፈ ነበር። የተወሰደው መፍትሔ ጫማውን መተው ሆነ። አበበ በባዶ እግሩ ሲለማመድ የኖረ በመሆኑ እግሩ ይህን ዓይነቱን ሸክም አስቀድሞ ለምዶታል።

ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበር። ከቀትሩ ሙቀት ለመሸሽ ሲባል ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ የተነሡት ሯጮች በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ሲያልፉ ቀኑ መሽቶ ወታደሮች ችቦ ያበሩላቸው ነበር። አበበ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ ያን ጊዜ በሮም ቆሞ በነበረውና በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ በተመለሰው የአክሱም ሐውልት አጠገብ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው። በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ሥር ሲደርስ የፈጀው ጊዜ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ነበር፤ ይህም እስከዚያ ቀን በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ የተሻለ ነበር።

ብዙ ሰው ይህን የባዶ እግር ሩጫ የድህነት ወይም የጀብዱ ምልክት አድርጎ ይተርከዋል። በእኛ አመለካከት ግን በቅድሚያ የማስተዋል ሥራ ነው። ጉዳቱ ገና ትንሽ ሳለ ታወቀ፤ መንስኤው ተለየ፤ መንስኤውም ተወገደ። በምትኩ የተወሰደውም ቀደም ብሎ የተፈተነ ነበር።

የደብረ ዘይቱ ሕመምና የቶኪዮ ድል

ከሮም በኋላ በነበሩት ዓመታት አበበ በአቴንስ፣ በኦሳካና በኮሺሴ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1955 ዓ.ም. በቦስተን ማራቶን አምስተኛ ወጣ፤ እስከ መጨረሻው ሮጦ ሳለ ከሁለተኛነት በታች የወጣበት ብቸኛው ማራቶኑ ይህ ነው። በ1956 ዓ.ም. ክረምት፣ ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በተደረገው የአገር ውስጥ ማጣሪያ በከፍተኛው ምድራችን ላይ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ገደማ ጨረሰ። አካሉ በሙሉ ኃይሉ ላይ ነበር ማለት ይቻላል።

ወደ ውድድሩ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀር ግን በደብረ ዘይት በልምምድ ላይ እያለ ሆዱን አመመው። የሕመሙን ምክንያት አላወቀውም። እንደ ማንኛውም ወታደርና እንደ ማንኛውም ሯጭ ሕመሙን አሸንፎ ሊቀጥል ሞከረ፤ ጥቂት እንደ ሄደ ግን ወደቀ። ወደ ሆስፒታል ተወስዶ ሲመረመር ሕመሙ የትርፍ አንጀት መቆጣት መሆኑ ታወቀና መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ቀዶ ሕክምና ተደረገለት።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በታሪኩ ውስጥ ሕመምን በፈቃድ ኃይል ለማሸነፍ የተደረገው ሙከራ አለ፤ ውጤቱ ግን ድል ሳይሆን መውደቅ ነበር። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ፈጥኖ ካልተወገደ ሊፈነዳና ሕይወትን ሊያጠፋ ይችላል። አበበን ለቶኪዮ ያበቃው ሕመሙን ችሎ መሮጡ ሳይሆን ወድቆ ወደ ሐኪም መወሰዱ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ብዙም ሳይቆይ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሶምሶማ መሮጥ ጀመረ። ወደ ቶኪዮ ሲጓዝ በቀድሞው አቋሙ ይወዳደራል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ሰው ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ማለትም ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በ35ኛው ቀን፣ ጫማና ካልሲ አድርጎ ተሰለፈ። መሪነቱን ከያዘ በኋላ ማንም አልደረሰበትም። ሩጫውን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ጨርሶ ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ባዝል ሂትሊን ከ4 ደቂቃ በላይ ቀደመው። ይህም በማራቶን አዲስ የዓለም ምርጥ ሰዓት ሆነ። ከዚያም ድካም እንደሌለበት ሰው በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ተመልካቹን ሁሉ አስደነቀ። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ይህ ድል እንዴት ሊገኝ ቻለ? ተአምር ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ነገር ግን መንስኤውን በጥንቃቄ ለሚመረምር ሰው ሦስት ምክንያቶች ይታዩታል። አንደኛው፣ የሕመሙ መንስኤ ከአካሉ ውስጥ ተቆርጦ ወጥቷል። የቀረው የመቁረጫው ቁስል ሲሆን፣ ይህ ቁስል በየቀኑ እየጠገገ የሚሄድ እንጂ እየሰፋ የሚሄድ አልነበረም። ሁለተኛው፣ የተጎዳው ክፍል ዋናውን የሩጫ ሸክም የሚሸከመው እግር አይደለም። አጥንቱ፣ ጅማቱና ጡንቻው ሙሉ ነበሩ። ሦስተኛው፣ ለዓመታት የተገነባ ጽናት በሁለትና በሦስት ሳምንት ዕረፍት የሚፈርስ አይደለም። ዛሬ ታላላቅ ሯጮች ከዋናው ውድድር በፊት ባሉት ሳምንታት ልምምዳቸውን ሆን ብለው መቀነሳቸው የተለመደ ነው፤ የተጠራቀመው ድካም እንዲወጣና አካል እንዲታደስ ያደርጋልና። አበበ ሳይወድ በግድ ያረፈው ዕረፍት በጊዜው የተፈራውን ያህል ሳይጎዳው የቀረው ከዚህ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የቶኪዮ ትምህርት ሕመም ይናቅ የሚል አይደለም። ትምህርቱ፣ መንስኤው የተወገደ ጉዳት፣ ሸክም በማይበዛበት ቦታ ላይ ያለ ጉዳትና በብዙ ዓመት መሠረት ላይ የቆመ አካል አንድ ላይ ሲገናኙ ፈጥኖ መመለስ ይቻላል የሚል ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ስሌቱ ይለወጣል።

የእግሩ ጉዳት

ከቶኪዮ በኋላ አበበ በጃፓን፣ በስፔንና በኮሪያ ተወዳድሮ ማሸነፉን ቀጠለ። በሕይወቱ በጠቅላላው በ16 ማራቶኖች ተሰልፎ 12ቱን አሸንፏል፤ በአንዱ ሁለተኛ፣ በአንዱ አምስተኛ ወጥቷል። የቀሩትን ሁለቱን አልጨረሳቸውም። ያልጨረሳቸው ሁለቱ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ነበሩ።

የመጀመሪያው በ1959 ዓ.ም. ክረምት በስፔን፣ በሳራውስ የተካሄደው ነው። በዚህ ጊዜ የጭኑ የኋላ ጅማት ተጎዳና ውድድሩን አቋረጠ። ዕድሜው ወደ 35 ተጠግቶ ነበር። ጉዳቱ አልተወውም፤ በተከታዩ ዓመት ሲያነክስ ይታይ ስለ ነበር በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ለሕክምና ወደ ጀርመን አገር ተላከ። ከዚያ ተመልሶ ከማሞ ወልዴና ከሌሎች ጓደኞቹ ጋር ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ ልምምዱን ቀጠለ።

የጭን የኋላ ጅማትና ጡንቻ ሲጎዳ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚድን የሕክምና ሊቃውንት በሚገባ አጥንተዋል። የተበጠሱት ክሮች በጠባሳ ሥጋ ይጠገናሉ። ጠባሳው በመጀመሪያ እንደ ቀድሞው ሥጋ አይለጠጥም፤ ሯጩ ሕመሙ ስለ ተወው ብቻ ወደ ሙሉ ፍጥነት ከተመለሰ እንደ ገና በዚያው ወይም በአጠገቡ ይበጠሳል። ይህ ዓይነቱ ጉዳት ዳግመኛ በመመለስ የታወቀ ነው። ከዚህ ሌላ አንዱ እግር ሲታመም ሌላው እግር ወይም ሌላው የእግር ክፍል ተጨማሪ ሸክም ይወስዳል። በአንድ ድልድይ ላይ አንዱ ተሸካሚ ሲላላ ጭነቱ ወደ ጎረቤቶቹ እንደሚተላለፍ ሁሉ፣ በሰው አካልም ውስጥ ጭነት አይጠፋም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ።

የአበበ ሁለተኛ ጉዳት በእርግጥ ከመጀመሪያው የመነጨ ነበር ብሎ ዛሬ መፍረድ አይገባም። የታወቀው ነገር ይህ ነው፤ ሜክሲኮ ከተማ ደርሶ ውድድሩ ሊካሄድ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ግራ እግሩን አመመው። ሐኪሞች ሲመረምሩት ከቅልጥሙ ሁለት አጥንቶች ቀጭኑና ውጭኛው ተሰብሮ ተገኘ። እስከ ውድድሩ ዕለት ድረስም እግሩን ከመርገጥ እንዲያሳርፍ ተመከረ።

በዚህ ቦታ ላይ የሙያችን ዕውቀት ነገሩን ለመረዳት ይጠቅማል። አንድ ብረት ከሚችለው በታች የሆነ ሸክም አንድ ጊዜ ቢሸከም አይጎዳም፤ ያንኑ ሸክም በብዙ ሺህ ጊዜ ቢመላለስበት ግን ስንጥቅ ይፈጠርበትና በየመመላለሱ ጥቂት በጥቂት እየሰፋ ሄዶ በመጨረሻ ድንገት ይሰበራል። የብረት ድካም የምንለው ይኸው ነው። የማራቶን ሯጭ በአንድ ውድድር ከ20 ሺህ በላይ እርምጃ ይረግጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እግር ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ የሰውነትን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሆነ ኃይል ይቀበላል። ስንጥቅ ያለበት አጥንት ይህን ሁሉ ምት ሲቀበል ስንጥቁ የሰውየውን ጽናት አይመለከትም፤ የምቶቹን ብዛትና መጠን ብቻ ይቈጥራል።

አጥንት ግን ከብረት የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ ሕያው ነው፤ ራሱን ይጠግናል። የጥገናው ሥርዓት ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው ነው። የተጎዳው አጥንት በመጀመሪያ አሮጌውን ክፍል በሚበሉ ሕዋሳት ይቦረቦራል፤ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱ አጥንት የሚተካው። ቡርቦራው በሳምንታት፣ ግንባታው ግን በወራት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አጥንቱ ሊጠነክር ሲዘጋጅ ለጥቂት ሳምንታት ከቀድሞው ይበልጥ ይደክማል። በእነዚህ ሳምንታት ሸክም የጨመረ ሰው፣ አሮጌው ምሰሶ ወጥቶ አዲሱ ሳይተከል ጣሪያ እንደሚጭን ሰው ነው። የዚህ ዓይነቱ ስንጥቅ እንዲሽር ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ከሩጫ መራቅ እንደሚያስፈልግ ዛሬ በየስፖርት ሐኪሙ ዘንድ የታወቀ ነው። አበበ ግን የነበረው ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነበር።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ

ውድድሩን መጀመር ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ይህ በቀላሉ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ለመጀመር የሚያበቃው ምክንያት ነበረ። የተሰበረው ቀጭኑ አጥንት ከሰውነት ክብደት የሚሸከመው ትንሹን ድርሻ ነው፤ ዋናው ተሸካሚ ትልቁ የቅልጥም አጥንት ነው። ዕድሜው 36 ሆኖ ስለ ነበር ሌላ ኦሊምፒክ ይጠብቀዋል ተብሎ አይታሰብም። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት ከፍታው ለሌሎች ሲከብድ ለኢትዮጵያውያን የተለመደ ነበር። ሦስተኛ ወርቅ ይጠብቅ የነበረው የአገሩ ሕዝብ ብቻ ሳይሆን ዓለም በሙሉ ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ወገን፣ አንድ የተሰበረ አጥንት በሌላ ወገን ሚዛን ላይ ወጣ።

አበበ ተሰለፈ፤ ከፊተኞቹም ጋር ሮጠ። 17 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ግን ቆመ፤ ከመንገዱም ወጣ። ማሞ ወልዴ ሩጫውን ቀጥሎ በሁለተኛው አጋማሽ ብቻውን መሪ ሆነ፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26.4 ሴኮንድ በመጨረስም የጃፓኑን ኬንጂ ኪሚሃራን ከ3 ደቂቃ በላይ ቀድሞ ለኢትዮጵያ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ አስገኘ። ማሞ ከሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ ወስዶ ነበር።

የሮምና የቶኪዮ ታሪክ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የሜክሲኮው 17ኛ ኪሎ ሜትር በአንድ መስመር ይታለፋል። በእኛ ግምት ግን ከአበበ ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። በዓለም ፊት ሁለት ጊዜ ያሸነፈ፣ በወታደር ቤት ወደ ኋላ አለማለትን የተማረ፣ የአገር ተስፋ የተጣለበት ሰው ለመቆም የሚያስፈልገው ልብ ለመሮጥ ከሚያስፈልገው አያንስም። ሲጀምር ለአካሉ ዕድል ሰጠው፤ አካሉ መልሱን በሰጠ ጊዜ ደግሞ ሰማው። ደብረ ዘይት ላይ እስኪወድቅ ድረስ የሮጠው ሰው ሜክሲኮ ላይ ሳይወድቅ ቆመ።

ከዚህ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነገር ሌላ ቁም ነገር አለ። አበበ ለመቆም የቻለው ማሞ በመንገዱ ላይ ስለ ነበረ ጭምር ነው። የአገር ተስፋ በአንድ ሰው እግር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው እንዲያርፍ ማን ይፈቅድለት ነበር? ጭነቱን ሁሉ በአንድ ምሰሶ ላይ የሚያሳርፍ መሐንዲስ ያንን ምሰሶ ለመጠገን ሲፈልግ ቤቱን ማፍረስ ይገደዳል። አበበ በቆመበት ጊዜ ግን ቤቱ አልፈረሰም። ይህ ለአሠልጣኞችና ለክለብ መሪዎች፣ ለእኛም ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የሚጠቅም ምክር ይመስለናል። ሰውን አርፈህ ዳን ማለት የሚቻለው ተተኪ ሲዘጋጅ ነው። ተተኪ በሌለበት ቦታ ዕረፍት ምክር ሆኖ ይቀራል እንጂ ሥራ ላይ አይውልም።

ለሕመሙ የማይታዘዝ ጉዳት

ከሜክሲኮ ከተመለሰ ከአምስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ አበበ ከቶኪዮ ድል በኋላ የተሸለመውን ቮልስዋገን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ሲነዳ መኪናዋ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስም በመኪናዋ ውስጥ ተይዞ አደረ። የአከርካሪ አጥንቱ በመጎዳቱ እጅና እግሩ አልታዘዝ አለው። ከሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። የእጆቹ ኃይል ተመለሰለት፤ እግሮቹ ግን ዳግመኛ አልቆሙም።

ስለ ጉዳትና ዕረፍት ለምናደርገው ሐተታ ይህ ሆስፒታል ልዩ ትርጉም አለው። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. የአከርካሪ ጉዳተኞችን ክፍል በዚያ ሲያቋቁሙ፣ እንዲህ ዓይነቱ በሽተኛ አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ተስፋ የለውም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ጉትማን ይህን ልማድ ሻሩት። የማይንቀሳቀሰው አካል እንዲያርፍ፣ የሚንቀሳቀሰው አካል ግን እንዲሠራ አደረጉ፤ ቀስት መወርወርንና ሌሎችንም ስፖርቶች ከሕክምናው ጋር አዋሐዱ። በ1940 ዓ.ም. በሆስፒታሉ ግቢ የጀመሩት ውድድር ዛሬ ፓራሊምፒክ ለሚባለው ታላቅ በዓል መሠረት ሆኗል።

አበበም በዚያ ሥርዓት ውስጥ ገባ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄዶ ሳለ እንግድነቱን ትቶ ተወዳደረ፤ በበረዶ ላይ በተንሸራታች በተደረገው የ25 ኪሎ ሜትር ውድድርም 16 ተወዳዳሪዎች በተሰለፉበት አንደኛ ወጣ። እግሮቹ በማይመለስ ሁኔታ ሲጎዱ በቀረለት አካል ተወዳደረ ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ዕረፍት ማለት መተኛት ብቻ አለመሆኑን ነው። የተጎዳውን ክፍል ማሳረፍና ሰውየውን ማሳረፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዛሬ የስፖርት ሐኪሞች ቅልጥሙን ያመመውን ሯጭ ውኃ ውስጥ እንዲዋኝ፣ ብስክሌት እንዲነዳ ይመክሩታል፤ ጡንቻው የተበጠሰበትንም በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀኖች ካሳረፉት በኋላ በጥቂት ሸክም ማለማመድ ይጀምራሉ፤ መጠነኛ ሸክም አዲሱን ሥጋ በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲበቅል ይረዳዋልና። መለኪያውም ግልጽ ነው። ሕመሙ ሲሞቁ የሚለቅና በማግሥቱ ያልጨመረ እንደ ሆነ በጥንቃቄ መቀጠል ይቻላል። እየሮጡ በሄዱ መጠን የሚብስ፣ በአንድ ነጥብ ላይ በጣት ሲነኩት የሚያም፣ ሌሊት የሚነሣ ወይም አረጋገጥ የሚያስለውጥ ከሆነ ግን ሩጫው ያን ጊዜውኑ ይቆማል፤ ሐኪምም ያየዋል። ሯጩ የሚሰጠው መልስ ከኩራቱ ሳይሆን ከእግሩ መምጣት አለበት።

በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሊምፒክ ሻምበል አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በክብር እንግድነት በተገኘ ጊዜ በስታዲዮሙ የነበረው ሕዝብ ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ አሸናፊ አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተርም ሄዶ እጁን ጨበጠው። ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ በዚያ ውድድር ሦስተኛ ወጣ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ አበበ ቢቂላ ከመኪናው አደጋ ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ ዐረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኘው፤ ንጉሠ ነገሥቱም የሐዘን ቀን አወጁለት።

እንግዲህ የአበበ ሕይወት ስለ ጉዳት የሚያስተምረው አንድ ቃል ብቻ አይደለም። ሮም ላይ መንስኤውን አስወገደ፤ ደብረ ዘይት ላይ ሕመሙን ሊያሸንፍ ሞክሮ ወደቀ፤ ቶኪዮ ላይ መንስኤው ከተወገደ በኋላ ተመለሰ፤ ሜክሲኮ ላይ መንስኤው አብሮት እየሮጠ ስለ ነበር ቆመ፤ ኖርዌይ ላይ በቀረለት አካል ተወዳደረ። አንድ ወጣት ሯጭ እግሩን ሲያመውና ስለ አበበ ሲነገረው፣ የትኛው አበበ እንደ ሆነ ይጠይቅ። የቶኪዮውን አበበ የሚጠሩለት ሁሉ የሜክሲኮውንም አበበ አብረው ይጥሩለት። በቅልጥሙ ላይ ስንጥቅ ይዞ የሚሮጥ ልጅ የአበበን ጀግንነት አልወረሰም፤ አበበ ራሱ በ17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የተወውን መንገድ ቀጠለ እንጂ።